የሽሮ ሜዳው አድሚራል

ሽሮ ሜዳ የማይገኝ ነገር የለም። ጋቢ፣ ቡልኮ፣ ነጠላ፣ ለሙሽራ የሚሆን ባለ ጥልፍ ቀሚስ፣ ለዲያስፖራ ልጅ የሚሆን ባለ ሦስት ቀለም ሸሚዝ፣ ሞሰብ፣ ከእንጦጦ የወረደ ማገዶ፤ የቸኮለ ሰው እንኳ አንድ ነገር ሳይሸከም አያልፍም። የማይገኘው ውሃ ነው። እሱም ቢሆን በፈረቃ ብቅ ይላል፤ ሰዓቱን የሚመርጠው ግን ራሱ ነው፣ ምርጫውም አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ላይ ያርፋል። ሰፈሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት ተደግፎ የተቀመጠ ስለሆነ የክረምቱ ዝናብ እንኳ እኛ ዘንድ አያድርም። ሰላም ሳይል አልፎን ወደ ስድስት ኪሎ ይወርዳል። እንግዲህ ጎረቤቴ ጀልባ የሠሩት እዚህ ነው።

ሰፈሩ «አድሚራል» ይላቸዋል። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ መንግሥት የሰጣቸው ከዚያ በብዙ ደረጃ ዝቅ ያለ ነበር። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። የያኔዋ ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ኦርካ» ብለው የሠሯት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ለእኛ ያስረከቧት፣ ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር የሚጠጋ መርከብ። እዚያ ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ስለ ማዕበል ወይም ስለ መድፍ የሚያወሩ ይመስላችኋል። «ዝገት እፍቅ ነበር» ይላሉ። «ዝገቱን ፍቄ ቀለም እቀባለሁ። ጫፍ ስደርስ መጀመሪያ የቀባሁት ዝጎ ይጠብቀኛል። ተመልሼ እፍቃለሁ።» ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእጅ ወጣች፤ መርከቧም በ1983 ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ያን ሁሉ ዓመት የተፋቀ ብረት ማን ዋጋ እንደሰጠው እንጃ። አድሚራሉ ግን ባሕር የሌላት አገር መርከበኛ ሆነው ሽሮ ሜዳ ገቡ። በ2011 በወጣው የመከላከያ ዐዋጅ ባሕር ኃይል ተመልሶ ሲመጣ ማንም ስልክ አልደወለላቸውም። እርሳቸው ግን እንደተጠራ ሰው ተነሥተው ጣውላ መግዛት ጀመሩ። ሐሳባቸው ዝዋይ ወርደው ቆሮሶ ማጥመድ ነው።

ጀልባዋ አራት ሜትር አትሞላም። ታቿ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫዋ ቀና ያለ፣ ለሁለት ሰውና ለአንድ ምሳ ዕቃ የምትበቃ። አጥንቷ የፈረንጅ ጥድ፣ ልባሷ ኮምፔርሳቶ ነው። (እንጦጦ ሙሉ ባሕር ዛፍ እያለ ለምን ጥድ ይገዛል ያላቸው ብዙ ነው። ባሕር ዛፍ እየደረቀ ሲሄድ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ በምኒልክ ዘመን ማገዶ አጥታ ልትሰደድ የነበረችን ከተማ ያተረፈ ዛፍ ቢሆንም ለጀልባ አጥንት አያምኑትም።) መሥራቱ ብዙ አላስቸገራቸውም። መጋዝ አለ፣ ብሎን አለ፣ ኮላ አለ፣ የልጅ ልጅ አለ። ያስቸገራቸው ማለስለሱ ነው። ከሠሯት በኋላ ሊያለሰልሷት የፈጀባቸው ጊዜ ከሠሩበት ጊዜ በእጥፍ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ሰፈሩም በሥራው የገባበት በዚህ በኩል ነው።

ስለ ጀልባ የሚያውቅ አንድ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ስለ ቀለም የማያውቅ ግን ማን አለ? ለጥምቀት ያልቀባ፣ ለሠርግ ያላስቀባ፣ ያስቀባውንም ያላማ የአዲስ አበባ ሰው አላውቅም። ግቢው የገባ ሁሉ እጁን ጀልባዋ ላይ ሳያሳልፍ አይወጣም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ የወር መዋጮ ሊቀበል መጥቶ ያሳልፋል። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ያሳልፋል። እጅ ማሳለፉ ራሱ ሥርዓት አለው፤ ዓይን በከፊል ይጨፈናል፣ ጭንቅላት ወደ ጎን ዘንበል ይላል፣ ከአፍንጫ «እምም» የሚል ድምፅ ይወጣል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጣት ይቆምና «እዚህ ጋ ትንሽ ይቀራታል» ይባላል። አድሚራሉ መጀመሪያ ላይ ያመሰግኑ ነበር። ኋላ ላይ የሚቀራትን ቦታ ለሚያሳይ ሰው ሁሉ የብርጭቆ ወረቀት ማቀበል ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ጎብኚው ቀነሰ።

መጀመሪያ ቁም ነገረኛ ምክር ይዞ የመጣው ከመንገዱ ዳር አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራው አናጢ ነበር። ዞሮ ዞሮ ካያት በኋላ፣ «ጋሼ አይጨነቁ፣ ሉስትሮ ይሸፍነዋል» አላቸው።

የአዲስ አበባ ሳሎን የቆመው በዚህች «ይሸፍነዋል» ላይ ነው። እኔ ቤት ያለውን ቡፌ ልመስክር። ፊቱ እንግዳ የከረባቱን ቋጠሮ የሚያስተካክልበት ያህል ያበራል። በቀደም ለቤት ቀለም ብለን ከግድግዳው ሳብ ስናደርገው ጀርባውን አየሁት፤ ያልተላገ ኮምፔርሳቶ፣ የሚስማር ጫፍ፣ በእርሳስ የተጻፈ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር። መሳቢያውን ከሥር በእጁ የሚደግፍ ሰው ስንጥር ይዞ ይወጣል። ሠሪውን አልወቅሰውም። ግድግዳ ብቻ የሚያየውን እንጨት አለስልስ ብሎ የከፈለው የለም። እኛ የምናለሰልሰው እንግዳ የሚያየውን ነው። ውሃ ግን ሳሎንና ጓዳ አይለይም። ጀልባ ግድግዳ የምታስጠጋው ጀርባ የላትም፤ ከሥር ያልተደፈነች አንዲት ቀዳዳ ከፊት ካለው ሉስትሮ ሁሉ ትበልጣለች። ኖኅ እንኳ መርከቡን ሲሠራ 300 ክንድ ርዝመት፣ 50 ክንድ ወርድ፣ 30 ክንድ ከፍታ ተብሎ ልኩ ከተነገረው በኋላ የታዘዘው ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቃት ነው። ስለ ማብረቅረቅ የተባለ ነገር የለም። ያን ጊዜ የሚመጣ እንግዳም አልነበረም።

ደግሞ ሉስትሮ ይሸፍናል የሚለውን ማን እንዳስወራው አላውቅም። ሥራው ማጋለጥ ነው። ቀለም ከሆነ፣ ደብዛዛ ከሆነ፣ ጭረት ያስታምማል። የሚያበራ ነገር ግን ብርሃኑን እየመለሰ «እዩት፣ እዚህ ጋ መላጊያው ዘልሏል» ይላል። አድሚራሉ ይህንን በአንዲት ቁራጭ ጣውላ ላይ ለአናጢው አሳዩት። ግማሹን እስከ መጨረሻው አለስልሰው፣ ግማሹን እንዲሁ ትተው፣ ሁለቱንም እኩል ሉስትሮ ቀቧቸው። ያልለሰለሰው ግማሽ ከመቀባቱ በፊት ደኅና መስሎ የነበረው፣ ሲደርቅ በጣት የተቧጨረ መሰለ። አናጢው አየውና፣ «ለቤት ዕቃ ይሄ ምንም አይልም» ብሎ ሄደ። ልክ ነው፤ ለቤት ዕቃ ምንም አይልም።

ሁለተኛው ጋራዥ የሚሠራው ባትላሜራ ነው። የተጋጨ የመኪና በር አቃንቶ፣ ስቱኮ ቀብቶ፣ ፍቆ፣ ባለቤቱ ራሱ የተጋጨበትን ቦታ እንዲረሳ የሚያደርግ ሰው ነው። እሱ ጀልባዋን በእጁ አልነካትም። መሬት ላይ ተንበርክኮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጎኗ አየ። «መብራት አምጡ» አለ። አምፖሉን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር ሊነካካ እስኪል አስጠጋው። ለስላሳ ያልናት ጀልባ እብጠትና ስርጉድ ሆና ቁጭ አለች፤ እያንዳንዱ ጉብታ የራሱን ጥላ ጥሎ። ለካስ መዳፍ የሚያውቀው ሻካራውን እንጂ ጠማማውን አይደለም። ቁርጥ ባለው ሰዓት መብራት ሄደ፣ በሻማ ቀጠልን፤ ሻማው ከአምፖሉ ይበልጥ ጥሩ ሠራ። የሰው ግቢ ውስጥ በሌሊት ሻማ ይዘው የጀልባ ሆድ ሥር የሚንፏቀቁ ሦስት ጎልማሶችን ያየ መንገደኛ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ አማትቦ ግን ሲያልፍ አይቼዋለሁ።

የባትላሜራው ሁለተኛ ትምህርት ደግሞ በጣት አትፈቅፍቁ የሚል ነበር። ወረቀቱን በጣት ይዞ የሚፈቀፍቅ ሰው ጣቱ ስርጉዱን ተከትሎ ይወርዳል፣ እብጠቱን ተከትሎ ይወጣል፤ ጠማማውን እንደ ጠማማነቱ ያለሰልሰዋል። ወረቀቱ ክንድ በሚያህል ቀጭን ሳንቃ ላይ ይለጠፍና በሰያፍ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ይሄዳል። ሳንቃው ከእብጠት ወደ እብጠት ስለሚረግጥ ከፍ ያለውን ብቻ ይበላል። ከመፋቁ በፊት ጀልባዋ ላይ በእርሳስ ይሞነጫጨራል፤ እርሳሱ የጠፋበት ቦታ ከፍ ያለው፣ እርሳሱ የቀረበት ዝቅ ያለው ነው። የልጅ ልጅየው በሕይወቱ የተፈቀደለት ትልቁ ደስታ ይህ የመሞነጫጨር ሥራ ነበር። ዝቅ ያለውን ለመሙላት ባትላሜራው ስቱኮውን ሊያመጣ ተነሣ፤ አድሚራሉ እዚህ ላይ አልተስማሙም። የመኪና ስቱኮ ውሃ ሥር የሚከርም ነገር አይደለም፣ እርጥበት ይጠጣል፣ ይለቃል። በኢፖክሲ ሰጋቱራ ለውሰው ይሞሉታል፤ ሰጋቱራው ግን እንደ ዱቄት የላመ መሆን አለበት። ለዚህ ነው የባለቤታቸው ወንፊት የጠፋው።

ሦስተኛው ሸማኔው ነው። ከአጥራቸው ማዶ ያለ ጎረቤት ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጣ። ካደገበት ተራራ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ አባያም ጫሞም ይታያሉ። ስለዚህ በሰፈራችን ሐይቅ እያየ ያደገ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ጀልባ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ማንም ሳይጠራው፣ በሽመና ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደተቀመጠ፣ የመፈቅፈቁን ድምፅ ለብዙ ጊዜ ሰምቷል። አንድ ቀን ሥራውን አቁሞ መጣና ምንም ሳይናገር መወርወሪያውን አድሚራሉ እጅ ላይ አስቀመጠላቸው።

መወርወሪያ አይታችሁ ከሆነ ቅርጿ ጀልባ ነው። ሁለት ጫፏ ሹል፣ ሆዷ የተቦረቦረ፣ ማጉ የሚቀመጥበት። ከጠንካራ እንጨት ትሠራና ቀኑን ሙሉ በድሩ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትመላለሳለች። አንዲት ፀጉር የምታክል ስንጥር ብትኖርባት በሄደች በመጣች ቁጥር ክር ትበጥሳለች፤ ክር በተበጠሰ ቁጥር ሥራ ይቆማል። ሸማኔው ያመጣት መወርወሪያ ቫርኒሽ ነክቷት አያውቅም። ጠቁራለች፣ ታበራለችም፤ ግን ብርሃኑ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የወጣ ይመስላል። አድሚራሉ አገላብጠው አይዋት፣ በጉንጫቸውም ነካኳት። «በምን ቁጥር ነው ያለሰለስካት?» አሉት። ሸማኔው ቁጥር የሚባለውን አልተረዳም። «አባቴ ይሠራባት ነበር» አለ።

ከዚያ ጀልባዋን በመዳፉ ሳይነካ ከኪሱ ጭብጥ ባዘቶ አወጣ። ባዘቶውን አላልቶ፣ ሳይጫን፣ ከአፍንጫዋ ጀምሮ እስከ ኋላዋ ጎተተው። ሁላችንም ባለፈበት ቦታ ላይ ዓይናችንን ተከልን። ለስላሳው ላይ ምንም የለም። መጋጠሚያው አጠገብ አንዲት ነጭ ፀጉር ቀረች። አንድ ክንድ አልፎ ሌላ። ከሥር፣ ማንም እጁን ባላሳለፈበት ቦታ፣ ጥጡ ተይዞ ተቦጨቀ። ሲጨርስ ጀልባዋ ጎን ላይ ነጭ ነጥቦች እዚህም እዚያም ቆመው ነበር፤ እያንዳንዷ ስንጥር ባንዲራዋን ሰቅላ።

«መዳፍዎ ሻክሯል ጋሼ» አለ። «ሻካራ ሻካራን አያውቀውም።»

አድሚራሉ መልስ አልሰጡም። እርሳሳቸውን አውጥተው ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማክበብ ጀመሩ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የታዘብኩት ሌላ ነው። አናጢው ዓይንን ሊያታልል መጣ፤ ባትላሜራው ዓይንን ሊያሠለጥን፤ ሸማኔው ዓይንን ጨርሶ ከሥራው አስወጣው። የአንድ ሰፈር ልጆች ሆነው ስለ ልስላሴ አንድ ቃል የሚስማሙበት የላቸውም፤ ሦስቱም ግን እጃቸው ያልሠራውን ሲናገሩ አልሰማሁም።

ስለ ቁጥሩ ካነሣን፣ የብርጭቆ ወረቀት ለጀማሪ ሰው የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሻካራነቱ ይቀንሳል። 60 የሚለው ቆዳ ይገፋል፣ 220 የሚለው ይዳብሳል። በመካከል 80 አለ፣ 120 አለ፣ 180 አለ፤ የእያንዳንዱ ሥራ ከእሱ በፊት የነበረው የተወውን ጭረት ማጥፋት ብቻ ነው። የልጅ ልጅየው ለ120 ተልኮ 220 ይዞ ተመለሰ። ባለ ሱቁ «መሃሉ አልቋል፣ ዝለለው በላቸው» ብሎታል። መዝለሉ መጀመሪያ ምንም አያሳይም፤ እንጨቱ በእጅ ሲነካ ሐር ነው። ጭረቱ የሚወጣው ቫርኒሹ ሲያርፍበት ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚመለስ የለም። አድሚራሉ ኮታቸውን ደርበው መርካቶ ወረዱ፤ ሙሉ ቁጥሩን በጥቅል ገዝተው በታክሲ ተመለሱ። ልጁ ያን ዕለት ማታ የሒሳብ መምህሩ ያልሰጠውን ትምህርት ተቀበለ፤ ከትልቅ ቁጥር ወደ ትንሽ አይኬድም፣ መሃሉም አይዘለልም።

ከመጨረሻው ወረቀት በፊት እንጨቱ አንድ ጊዜ ውሃ መቅመስ አለበት። በእርጥብ ጨርቅ ሲታበስ የተኛው የእንጨቱ ፀጉር ሁሉ ይቆማል፤ ሲደርቅ ያንን የቆመ ፀጉር መላጨት ነው። ካልታበሰ ግን ቫርኒሹ ራሱ ያስነሣዋል። ፈረቃው ያን ሳምንት የመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ስለዚህ ለውሃ የተሠራችው ጀልባ የመጀመሪያ ውሃዋን የቀመሰችው በእንቅልፍ ልብ፣ በፒጃማ ከወጡ ጡረተኛ እጅ ነው።

የአድሚራሉ ባለቤት እስከዚህ ድረስ በነገሩ አልገቡም፤ ወንፊታቸውን ከመፈለግ በቀር። አንድ ቀን ቡና እያፈሉ፣ ባላቸው ስለ እንጨት ቀዳዳ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ መጠጣት ሲያወሩ ሰሟቸውና፣ «ይሄማ ምጣድ ማሟሸት ነው» አሉ። «አዲስ ምጣድ ጎመን ዘር ሳይጠጣ ማን ይጋግርበታል? አንድ ጊዜ አይበቃውም። አሽተህ፣ አግለህ፣ ጠርገህ፣ እንደገና።» ሴትየዋ ልክ ናቸው። ሸክላውም እንጨቱም ቀዳዳቸውን የሚደፍነው ዘይት ነው፤ ዘይቱም እንዲጠነክር ጊዜ ይፈልጋል። የአውሮፓ ጀልባ ሠሪዎች ለዘመናት እንጨታቸውን ያጠጡት የተልባ ዘይት ነበር፤ ተልባ ደግሞ ለእኛ አዲስ ዕቃ አይደለም፣ በጾም እንጠጣዋለን። አድሚራሉ የተልባ ዘይት አስጨምቀው ጀልባዋን ከውስጥ ከውጭ አጠጧት። የቀረውን የእንጦጦ አየር ያደርቀዋል ብለው ተዉት።

የእንጦጦ አየር ቀዝቃዛ ነው። ያልፈላ የተልባ ዘይት በቆላ ቢሆን በቀናት የሚደርቀው፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ሳምንት አልፎት እንደተጣበቀ ቆየ። ጎረቤት ደግሞ ሸማኔ ነው፤ ከሸማኔው ወዲያ ሌላ ሸማኔ፣ ከዚያ ወዲያ ፈታይ፣ ከዚያ ወዲያ ባዘቶ የሚነድፍ። በእኛ ሰፈር አየር ላይ የሚበረው አቧራ ብቻ አይደለም። በሳምንቱ መጨረሻ ጀልባዋ ስስ ነጭ ጋቢ ደርባ አገኘናት። አድሚራሉ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሩና፣ «ብርድ ነው፣ እውነቷን ነው» አሉ። ጋቢውን በአኳራጅ አጥበው አወለቁላት፤ ከዚያም ወደ 180 ቁጥር ተመለሱ።

እዚህ ላይ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ይህን ሁሉ ልፋት ምን አመጣው? ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ስንት ዘመን ሙሉ እህልና ማገዶ ጭኖ ይመላለሳል፣ ማን አለሰለሰው? ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን በ57 ቀን አቋርጦ ባርቤዶስ የገባው ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል በተሠራች «ራ ሁለት» በተባለች መርከብ ነው፤ አንድ ወረቀት አልነካትም። በመቅዘፊያ የሚሄድ፣ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጣ ጀልባ በማብረቅረቁ ፍጥነት አያገኝም። እብጠቱን ማጥፋት ያስኬዳል፣ መጋጠሚያውን መድፈን ያድናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለዓሣዎቹ መስታወት መያዝ ነው። ይህንን ሁሉ በትሕትና አቀረብኩ።

አድሚራሉ ወረቀቱን ሳያቆሙ አዳመጡኝና፣ «ደንገል እኮ ሲበቅል ነው ለስልሶ የሚበቅለው» አሉኝ። «ጥድን ለስልሰህ ብቀል ያለው የለም።»

የቫርኒሹ ቀን በጥቅምት፣ በእሑድ ማለዳ ሆነ። ክረምቱ አልፏል፣ የበጋው አቧራ ገና አልተነሣም፣ የሽመናው ጉድጓዶች ባዶ ናቸው፣ ባዘቶ አይነደፍም። የመጀመሪያው እጅ በአኳራጅ የቀጠነ፣ እንጨቱ የሚጠጣው ነው፤ ተከታዮቹ ወፈር ይላሉ ግን ስስ ሆነው ይሄዳሉ፣ በየመካከላቸው ደርቀው በስሱ ይፈቀፈቃሉ። ስለዚህ አንድ እሑድ አልበቃም፤ ሰፈሩ ለበርካታ እሑዶች ከቅዳሴ መልስ በዚያ አጥር ጥግ በሹክሹክታ አለፈ። መሬቱ አቧራ እንዳያስነሣ ውሃ ይረጭ ተባለና የባለቤታቸው ጀሪካን ተደፋ፤ ያን ዕለት የምሳ ሰዓት ምን እንደተባለ ከአጥር ማዶ ሰምቻለሁ፣ እዚህ አይጻፍም። ብሩሹ ከደረቀው ወደ እርጥቡ እየተጎተተ፣ በመጨረሻም በጫፉ ብቻ እየተዳበሰ ይሄዳል። በመጨረሻው እሑድ አንዲት ትንኝ መጥታ አፍንጫዋ ላይ አረፈች። ልጁ በመርፌ ሊያነሣት ሲል አድሚራሉ እጁን ያዙት፤ እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ትንኝ የሚያነሣ ሰው በትንኟ ፋንታ ጉድጓድ ይተካል። ትንኟ እስከ ዛሬ እዚያው አለች፣ ክንፏ እንኳ ይቆጠራል።

ሲደርቅ ሰፈሩ ሊያያት መጣ። በዚህ ጊዜ እጁን ያሳለፈ አልነበረም፤ ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። ባዘቶው ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ተጎትቶ ሲመለስ ሙሉውን ተመለሰ። ባትላሜራው ሻማ ይዞ ተንበረከከና አንድም ጥላ አጣ። አናጢው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣት፤ ማግስቱን «አልጋ፣ ቡፌ፣ ቁምሳጥን» ከሚለው የሱቁ ማስታወቂያ ሥር «ጀልባ» ተጨምሮ አየሁ።

ጀልባዋን ዝዋይ የሚያደርሳት አይሱዙ ሊመጣ ቀጠሮ በተያዘበት ዋዜማ ወደ ግቢያቸው ብቅ ስል አድሚራሉ ከጀልባዋ ውስጥ ተንበርክከው የወለሏን ሳንቃ ቀለም እየቀቡ ነው። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው ያቺኑ የጠፋች ወንፊት ይዞ ቆሟል። ወንፊቷ ውስጥ አሸዋ አለ። «ንፋ» አሉት፣ ልጁም እርጥቡ ቀለም ላይ አሸዋውን እኩል አድርጎ ነፋው። አፌን ይዤ ቀረሁ። አድሚራሉ ቀና አሉና፣ «እግር እርጥብ ነው፣ ዓሣ ያንሸራትታል» አሉኝ። «መርከብ ላይም የምንረግጠውን ወለል እንዲህ ነበር የምናደርገው። የሚለሰልሰው ውሃ የሚነካው ነው፣ ሰው የሚቆምበት ሻካራ ይሁን።»

ልጁ ወንፊቱን ይዞ ወለሉን አየ፣ በጎን ተደግፎ የቆመውን የብርጭቆ ወረቀት ጥቅል አየ፣ መዳፉን አየ።

«አባባ» አለ፣ «ይሄንን ደግሞ በስንት ቁጥር ነው የምናጠፋው?»